«ወይ እኔን ምረጥ፣ ወይ ውሻህን!»

የዚህ ዓምድ ደንበኞች እንደምታውቁት እኔ ዘንድ የሚደርሰው ደብዳቤ አብዛኛው የፍቅር ነው። «ዘጋችኝ»፣ «ከጓደኛዬ ጋር አየሁት»፣ «ቤተሰቦቹ አልወደዱኝም» የሚል ነው። የዛሬውም የፍቅር ጉዳይ ነው። ነገር ግን በሁለቱ ፍቅረኛሞች መሃል ገብቶ ነገር ያበላሸው ሦስተኛ ወገን ሰው አይደለም። አራት እግር፣ አንድ ጅራትና 36 ኪሎ ክብደት ያለው ውሻ ነው!

እባካችሁ አትሳቁ። ልጁ የምሩን ነው የጨነቀው። ዕድሜው 27 ነው፤ ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር እዚሁ አዲስ አበባ ይኖራል። ስሙንና ሰፈሩን እንደ ልማዳችን ትተነዋል። ነገሩን ከራሱ አንደበት ብትሰሙት ይሻላል፦

«እኔና እጮኛዬ ከተዋወቅን 3 ዓመት ሆኖናል። ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ቀን ቆርጠናል። የቤት ኪራዩን ነገር ስለምታውቁት፣ ከተጋባን በኋላ የምንኖረው እኛ ግቢ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው። ችግሩ ታይሰን ነው። ታይሰን የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው፣ 2 ዓመት አልፎታል። ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ቀን በሰንሰለት ይውላል፣ ማታ ይፈታል። አባታችን ካረፈ ወዲህ እናቴ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስዳትም።

እጮኛዬ ደግሞ ቡቺ የሚባል ነጭ፣ ፀጉራም፣ ትንሽ ወንድ ውሻ አላት። ቢከብድ 4 ኪሎ ነው። ባለፈው እሁድ ይተዋወቁ ብለን ይዛው መጣች። ታይሰንን ፈታሁት። እየበረረ መጥቶ ደረቱን አስቀድሞ ተከመረበት። ቡቺ ሲንከባለል አየሁት። ከዚያ በእጁ መታው፣ ተጫነው። አልነከሰውም። እንዲያውም ጅራቱን እየቆላ ነበር! ቡቺ ግን የሰው ልጅ በሚመስል ድምፅ ጮኸ፤ ይኸው ሦስት ቀን አነከሰ። እጮኛዬ አቅፋው እያለቀሰች ወጣች። ማታ ስደውልላት ‹ወይ እኔን ምረጥ፣ ወይ ውሻህን!› አለችኝ። እናቴ ደግሞ ‹ታይሰን ከዚህ ግቢ የሚወጣው የእኔ ሬሳ ከወጣ በኋላ ነው› አለች። አንድ ጎረቤታችን ‹በመኪና ጭነህ ከከተማ ውጪ ጣለው፣ ለእናትህ ጠፋ በላት› ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ ይስቃል። ሁለቱን ውሾች ማላመድ ይቻላል? ወይስ ልቤን ቆርጬ ልገላገለው? ሦስት ወር ነው የቀረኝ።»

ደብዳቤው ይኸው ነው። ወንድሜ፣ አይዞህ። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከ12ኛ ክፍል አላለፈም። ግን ውሻ ከማይጠፋበት ግቢ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ትልልቆችንም ትንንሾችንም በእጄ አሳድጌአለሁ፤ ያላወቅሁትንም አንብቤአለሁ፣ የሚያውቁትን ጠይቄአለሁ። እና የምልህን በጥሞና አድምጠኝ።

በመጀመሪያ፣ አትጣለው

የጎረቤትህን ምክር ከጆሮህ አውጣው። ከከተማ ውጪ የሚጣል የቤት ውሻ ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። የራሱን ምግብ ፈልጎ አያውቅም፣ የሰፈሩ ውሾች ያባርሩታል፣ መኪና ይገጨዋል፣ ወይም የጅብ እራት ይሆናል። ተርፎ ከባለቤት አልባ ውሾች ጋር ቢቀላቀል ደግሞ ክትባቱን የሚያስታውስለት የለም። ለእናትህ «ጠፋ» ብለህ መዋሸትህም አለ። ትዳርን በውሸትና በአንድ ነፍስ ላይ መጀመር ጥሩ አይደለም። በዚያ ላይ ሦስት ወር አለህ። ሦስት ወር ደግሞ በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ትንሽ ጊዜ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቡቺን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት። ሦስት ቀን ያነከሰ ትንሽ ውሻ «ተሽሎታል» ተብሎ አይታለፍም። የሚያመው ነገር ካለ ደግሞ ማንኛውም ጨዋታ ያስፈራዋል። የሐኪሙን ሂሳብ አንተ ክፈል። ይህ ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለእጮኛህም መድኃኒት ነው።

ጠብ ነው ወይስ ጨዋታ?

«ጅራቱን እየቆላ ነበር» ብለሃል። ጥሩ ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ውሻ ሲቆጣም ጅራቱን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ሊያወዛውዝ ይችላል። ስለዚህ ጅራቱን ብቻ ሳይሆን መላ አካሉን እየው።

የሚጫወት ውሻ ሰውነቱ ልፍስፍስ ይላል፣ አፉ ይከፈታል፣ ሩጫው ዝላይ ዝላይ ያበዛል። ከሁሉ በላይ የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ቂጡን ወደ ላይ ያነሳል። ሁላችንም አይተነዋል አይደል? እጅ የሚነሳ ይመስላል። አሜሪካዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ማርክ ቤኮፍ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ውሾች ይህን ምልክት ዝም ብለው አይረጩትም። ጠብ ሊመስል የሚችል ነገር፣ ለምሳሌ ነክሶ ጭንቅላትን መነቅነቅ፣ ከማድረጋቸው በፊት ወይም ካደረጉ በኋላ ያሳዩታል። በእኛ ቋንቋ «ኧረ ቀልዴን ነው!» ማለታቸው ነው።

ለጠብ የተዘጋጀ ውሻ ደግሞ ይደርቃል። ዓይኑን ሳይነቅል ይመለከታል፣ አፉን ይገጥማል፣ ክብደቱን ወደ ፊት ያደርጋል። በጨዋታ መሃል የሚሰማው ማጉረምረም ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው በድንገት ዝም ብሎ መድረቅ ነው።

ከጻፍከው እንደተረዳሁት ታይሰን ለጨዋታ ነው የመጣው። ግን ልብ በል፦ ለተከመረው ጨዋታ ነበር፤ ለተከመሩበት ግን አልነበረም። የእጮኛህ ቁጣ ትክክል የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። «አልነከሰውም እኮ!» እያልክ አትከራከራት።

ታይሰን የማያውቀው ነገር

እስቲ አንድ ሂሳብ እንሥራ። 36 ኪሎ ለ4 ሲካፈል 9 ነው። ታይሰን የቡቺን 9 እጥፍ ይመዝናል ማለት ነው። አንተ 60 ኪሎ ብትሆን፣ 540 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ በሬ እየሮጠ መጥቶ «እንጫወት» ብሎ ደረቱን አሳረፈብህ እንደማለት ነው። በሬው ቢወድህስ ምን ይጠቅምሃል? ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ ዝሆን ሲጫወትም ሣሩ አይተርፍም።

ታይሰን ግን ክብደቱን አያውቅም። ማን ነግሮት? ውሻ ጉልበቱን መመጠን የሚማረው ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ነው። ቡችላው ወንድሙን አጥብቆ ሲነክሰው ወንድሙ ይጮህና ጨዋታውን ትቶ ይሄዳል። እናቱን ጡት ላይ ሲነክሳት ተነስታ ትሄዳለች። «ለካ ሳጠብቅ ጨዋታው ይቆማል» ብሎ ይማራል። ለዚህ ነው ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱ ጋር ይቆይ የሚባለው። ከ3ኛው ሳምንት እስከ 3ኛው ወር አካባቢ ያለው ጊዜ ደግሞ ከሌሎች ውሾች፣ ከሰውና ከዓለም ጋር የሚላመድበት ዋናው ወቅት ነው። እኛ ዘንድ ግን ቡችላ ብዙ ጊዜ ገና ጡት ሳይጠግብ በካርቶን ተደርጎ ይመጣል፣ ትንሽ ከፍ ሲል ሰንሰለት ይገባለታል፣ በቃ! ሌላ ውሻ የሚያየው በአጥር ቀዳዳ ነው።

ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ወጣት ውሻ ሲፈታ ምን ይሆናል? ከትምህርት ቤት በር የሚወጣ የአንደኛ ክፍል ልጅ አይታችኋል? እንደዚያ ነው። ታይሰንን ያንን እሁድ ከሰንሰለት ፈትተህ ቀጥታ ቡቺ ላይ ለቀኸዋል። ከእንግዲህ እንዲህ አይደረግም።

ደስ የሚለው ነገር ግን የጎደለው ትምህርት በ2 ዓመትም ሊሰጥ መቻሉ ነው። ጨዋታ የሚችሉ ትልልቅ ውሾች ከትንሽ ጋር ሲሆኑ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ይተኛሉ፣ በጀርባቸው ይገለበጣሉ፣ አውቀው ይሸነፋሉ፣ አውቀው ቀስ ብለው ይሮጣሉ። አባት ከሦስት ዓመት ልጁ ጋር ትግል ገጥሞ «ወይኔ ጣልከኝ!» እንደሚለው ማለት ነው። አንተም ታይሰንን የምታስተምረው ይህንኑ ነው፤ መሸነፍን!

ከመገናኘታቸው በፊት

ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ቡቺ ግቢያችሁ ድርሽ አይበል። ሥራው ያንተና የታይሰን ነው።

አንደኛ፣ በየቀኑ ጠዋት ወይም ማታ በገመድ ይዘኸው ውጣ። ግማሽ ሰዓት ይሁን፣ ብትችል ከዚያም በላይ። ጉልበቱ ያልወጣለት ውሻ ትምህርት አይገባውም።

ሁለተኛ፣ ሦስት ቃላት አስተምረው፦ «ና»፣ «ተኛ» እና «ቀስ»። ከልኳንዳ ቤት ሳንባ ግዛ፤ ቀቅለህ እንደ ሽንብራ ፍሬ ቆራርጠው። «ና» በለው፣ ሲመጣ ስጠው። «ተኛ» በለው፣ ሆዱን መሬት ሲያስነካ ስጠው። አንድ ጊዜ ጥራው፣ አሥር ጊዜ አትጩህበት። ትምህርቱ ከ5 ደቂቃ አይብለጥ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ግን ይደጋገም።

«ቀስ» የምትማረው እንዲህ ነው። ሳንባዋን በጭብጥህ ያዝና አፍንጫው ሥር አድርጋት። መጀመሪያ በእጁ ይመታሃል፣ በጥርሱ ሊፈለቅቅ ይሞክራል። አትከፍትለትም፤ ምንም አትናገርም። ሰልችቶት ሲተው ወይም በምላሱ ብቻ ሲነካህ «ቀስ» በልና ክፈትለት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉልበት በር እንደማይከፍት፣ ቀስ ማለት ግን እንደሚከፍት ይገባዋል። ታይሰን ሊማር የሚገባው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ታናሽ ወንድምህ! «ይስቃል» ብለኸኛል። የሚስቀው ልጅ ማታ ማታ ከታይሰን ጋር ትግል እንደሚገጥም፣ ደረቱ ላይ ሲዘልበት «ጎበዝ!» እንደሚለው፣ ድመት ባየ ቁጥር «ጃስ! ያዘው!» እንደሚል ልወራረድ እችላለሁ። እንዲህ ከሆነ አንተ ጠዋት የሠራኸውን እሱ ማታ ያፈርሰዋል። የቤቱ ሕግ አንድ መሆን አለበት፦ ታይሰን በእጁ ከመታ፣ ከዘለለ ወይም በጥርሱ ካጠበቀ ሁሉም ሰው ጨዋታውን አቁሞ ጀርባውን ይሰጠዋል። አይጮህበትም፣ አይመታውም። ጨዋታው ግን ያልቃል። «ጃስ» የምትባል ቃል ደግሞ ከዚያ ግቢ ትውጣ።

አራተኛ፣ የሁለቱም ክትባት ይታይ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው፣ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ ይደገማል። ይህን ለሁላችሁም ውሻ ላላችሁ አንባብያን ነው የምለው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሰው በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጥቦ፣ ሌላ ቦታ ሳይዞር በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ።

የመተዋወቂያው ቀን

አሁን ታይሰን ሲጠራ ይመጣል፣ ሲታዘዝ ይተኛል እንበል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ግቢ ውስጥ አይሁን። ግቢው የታይሰን ነው፤ ዘበኛውም ባለቤቱም እሱ ነው። ገለልተኛ ቦታ ምረጡ፤ ጭር ያለ መንገድ ወይም ባለቤት የሌላቸው ውሾች የማይበዙበት ሜዳ ይሁን።

አንተ ታይሰንን ያዝ፣ እሷ ቡቺን ትያዝ። በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ጎን ለጎን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ተራመዱ። ፊት ለፊት አታገናኟቸው። ሰው ለሰው ዓይን ለዓይን መተያየት ጨዋነት ነው፤ ለማይተዋወቁ ውሾች ግን ግብግብ መጋበዝ ሊሆን ይችላል። ታይሰን ቡቺን አይቶ ወደ አንተ ዞር ባለ ቁጥር ሳንባ ስጠው። ገመዱን ከወጠረ ራቁ፤ ከረገበ ቀስ በቀስ ተቀራረቡ። በመጀመሪያው ቀን ሳይነካኩ ወደየቤታችሁ ብትመለሱ ድል ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ አድርጉ።

ቀጥሎ በቆርቆሮ ወይም በወንፊት ሽቦ አጥር መሃል ይተዋወቁ፤ ይሸታተቱ። ከዚያ በኋላ ነው ግቢ ውስጥ የሚገናኙት። ታይሰን በዚያ ቀን በእግር ተጉዞ፣ ደክሞ፣ በልቶ ይምጣ። የበሉበት ሳህንና አጥንት ግን ከግቢው ይነሳ። አጥንት ባለበት ወዳጅነት የለም።

ታይሰንን ረዥም ገመድ አስረህለት «ተኛ» በለው። ተኝቶ ሳለ ቡቺ በራሱ ጊዜ ይምጣ። አንስታችሁ አፍንጫው ሥር አታስቀምጡት። ቡቺ የተኛውን ታይሰን አሽትቶ ሲመለስ ታይሰን ካልተነሳ፣ በል እንግዲህ ሳንባውን አትሰስት! ትልቁ ውሻ መሬት ላይ ሲሆን ቁመቱ ይቀንሳል፣ ደረቱን ማሳረፍ አይችልም፣ ትንሹም ይደፍራል። ብዙ የግቢ ወዳጅነት የሚጀመረው በዚህ ነው።

ትንሹን ጠይቀው

ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህቺን ያዝ። ጨዋታው ይቀጥል አይቀጥል የሚለውን የሚወስነው ትልቁ አይደለም፤ አንተም አይደለህም። ትንሹ ነው።

እንዴት ይጠየቃል? ቀላል ነው። ሲጫወቱ መሃል ላይ ታይሰንን «ና» ብለህ ጥራውና ለጥቂት ሴኮንድ በገመዱ ያዘው። ቡቺን እየው። ተመልሶ ወደ ታይሰን ከመጣ፣ ከዘለለ፣ ቂጡን አንስቶ ከጋበዘው «ጨዋታው ተመችቶኛል፣ ልቀቀው» ማለቱ ነው፤ ልቀቀው። አጋጣሚውን አግኝቶ ወንበር ሥር ከገባ፣ እጮኛህ እግር መሃል ከተወሸቀ፣ ጅራቱን ከሸጎጠ፣ ከንፈሩን ከላሰ ወይም ሳይደክመው ካዛጋ ደግሞ መልሱ «በቃኝ» ነው። የዚያን ቀን ጨዋታ አለቀ። ይህን በየአንድ ሁለት ደቂቃው አድርገው። ጠቅላላ ጨዋታውም በመጀመሪያው ሳምንት ከ5 ደቂቃ አይለፍ። ሁለቱም ገና ሳይጠግቡ ማቆም ነው የሚሻለው።

ታይሰን በእጁ ከመታ ወይም ከተጫነ «ቀስ» በለው። ካለዘበ አመስግነው፤ ይቀጥል። ካላለዘበ ያለ ጩኸት በገመዱ ይዘኸው ወደ ጎን ውሰደውና አንድ ደቂቃ ያህል አብረኸው ቁም። ከዚያ እንደገና ሞክር። ለሁለተኛ ጊዜ ካጠበቀ የዕለቱ ጨዋታ በቃ። ሰንሰለት ላይ አትመልሰው፤ ሰንሰለቱ ቅጣት ከሆነ ቡቺ የመጣ ቀን ሁሉ የመታሰሪያ ቀን ይመስለዋል፣ ቡቺንም ይጠላዋል።

እንዳትመታው አደራ! ታይሰን ቡቺ አጠገብ በተመታ ቁጥር የሚማረው ቀስ ማለትን አይደለም። «ይህ ነጭ ነገር ሲመጣ ዱላ ይመጣል» የሚለውን ነው። እንዲሁም ቡቺ በጮኸ ቁጥር በድንጋጤ እየጮኻችሁ ወደ ላይ አታንሱት። ከፍ ብሎ የተያዘ፣ የሚንጫጫ ትንሽ ነገር ትልቁን ውሻ ወደ ላይ ያዘልለዋል። የግድ ማንሳት ካስፈለገ መጀመሪያ ታይሰን ይያዝ። ሌላ ሦስተኛ ውሻ በጨዋታው አይግባ፤ ሁለት ሲሆኑ አንዱን ማሳደድ ይጀምራሉ። ቢያንስ ለብዙ ወራት ደግሞ ሰው ሳይኖር ለብቻቸው አይተዉ፤ ማታ ታይሰን ሲፈታ ቡቺ ቤት ውስጥ ይደር።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሌሎች ሁለት ውሻ ያላችሁም ብትኖሩ፣ ትንሿ ሴት፣ ትልቁ ወንድ ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሴቷ ደም ስታሳይ ለየብቻ አድርጓቸው። ከትልቅ ውሻ ያረገዘች ትንሽ ውሻ በወሊድ ጊዜ ሕይወቷን ልታጣ ትችላለች።

ካልሆነስ?

እውነቱን እንነጋገር። አንዳንድ ትልልቅ ውሾች አሉ፤ ትንሽ፣ የሚሮጥና የሚንጫጫ ነገር ሲያዩ ጨዋታው ይረሳቸውና አደን ይሆንባቸዋል። ምልክቱን ነግሬሃለሁ፦ ዝምታ፣ መድረቅ፣ ዓይን አለመንቀል፣ አድፍጦ መራመድ። ይባስ ብሎም ማጅራት ይዞ መነቅነቅ። ይህን አንድ ጊዜ ካየህ «ይለምዳል» ብለህ ሁለተኛ አትሞክር። በ4 ኪሎ ውሻ ላይ ሁለተኛ ዕድል የለም። የሚያውቅ አሠልጣኝ ወይም የእንስሳት ሐኪም አማክር፤ እስከዚያው በመሃላቸው የተዘጋ በር ይኑር። ያም ሆኖ በአንድ ግቢ መኖር ይቻላል። ግቢው በአጥር ይከፈላል፣ ሰዓት ይከፈላል፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። አድካሚ ነው፣ ግን ከመጣል ይሻላል።

ለእሷና ለእናትህ

እህቴ፣ ይህን ጋዜጣ እጮኛሽ እንደሚያስነብብሽ እርግጠኛ ነኝ። ያየሽው ነገር ያስደነግጣል። የምትወጂውን ነገር ሌላ ሰው «ምንም አልሆነም» ሲልብሽ ደግሞ ይበልጥ ያማል። ፍርሃትሽን አላቃልልም። ግን «ወይ እኔ ወይ ውሻህ» ማለት ለሦስት ዓመት ፍቅር አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። በምትኩ እንዲህ በይው፦ «ቡቺ አልፈራም እስኪል ድረስ ጠብቀኝ፤ እኔም በየሳምንቱ አንድ ቀን አብሬህ እሠራለሁ።» የማቆም ሥልጣኑም ያንቺ ይሁን። አንቺ «በቃ» ስትዪ እሱ «ትንሽ ብቻ» ካለ፣ ያኔ ጉዳዩ የውሻ መሆኑ ቀርቷል፤ ስለ ሰውየው በደንብ አስቢበት።

እናትህን በተመለከተ፣ «ታይሰን ለስላሳ ከሆነ ማን ይጠብቀኛል?» ብለው መስጋታቸው አይቀርም። ንገራቸው፦ ውሻ ቤተኛን ከባዕድ ይለያል። ከቡቺ ጋር ቀስ ብሎ መጫወት የተማረ ውሻ በሌሊት በር የሚነካካውን ዝም አይልም። እንዲያውም ሲጠራ የሚመጣና ሲታዘዝ የሚተኛ ውሻ ለእናትህም ይበልጥ ይመቻቸዋል። ቡቺም ቢሆን ጆሮው ቀላል አይሆንም። ትንሹ ቀድሞ ይሰማል፣ ትልቁ ይጨርሰዋል፤ ጥሩ ጥበቃ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ጥያቄህ «ይቻላል ወይ?» ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ዋጋው በየቀኑ የእግር መንገድ፣ የሳንባ ሂሳብና ትዕግሥት ነው። ታይሰን ክፉ ሆኖ አይደለም ቡቺን የጎዳው፤ ጉልበት ያለው ሆኖ ልክ የሚነግረው ስላላገኘ ነው። ልኩን የምትነግረው አንተ ነህ። ይህን ስታስተምረው ደግሞ አንተም ሳታስበው የምትማረው ነገር አለ። ጉልበት ያለው ወገን መጀመሪያ የሚተኛበት፣ ደካማው ሲመቸው የሚቀርብበት ቤት ለውሻ ብቻ ሳይሆን ለሙሽሮችም ጥሩ ቤት ነው።

ከሠርጉ በፊት እንዴት እንደሆናችሁ ጻፍልኝ፤ አንባቢም እኔም እንጠብቃለን። እናንተስ ውድ አንባብያን? ትልቅና ትንሽ ውሻ ያላመደ፣ ወይም ሞክሮ ያቃተው ካለ ያየውን ይጻፍልን። ለሳምንት በፍቅርና በሰላም ያገናኘን። ቸር ሰንብቱ!